የእጅ ጥልፍ ከዘነበወርቅ፦ ተመልሶ ለሚያመሰግን ሰው

ሽሮ ሜዳ ዐሥራ አራት ዓመት ጥልፍ የሰፋሁና ያሰፋሁ ሰው ነኝ። ጥልፍ ሲያሳዩኝ ቀድሜ የማየው ፊቱን አይደለም፤ ገልብጬ ጀርባውን ነው። በፊቱማ ሁሉም ያምራል። ክሩ የት እንደ ተቋጠረ፣ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ሳይቆረጥ የተጎተተ እንደሆነ፣ ትርፉም በምን እንደ ተሸሸገ የሚታወቀው በጀርባው ነው። ዘነበወርቅ አካባቢ ከሥጋ ደዌ የዳኑ እናቶች በጋራ ከሚሠሩባት አንዲት ክፍል ያሰፋሁትን የግድግዳ ጥልፍ ስረከብም እንደ ልማዴ ገለበጥኩት። አንድም የተንጠለጠለ ክር አጣሁበት። ስለዚህ ጥልፍ ልጽፍ ነው የተነሣሁት፤ ለምን እንዳሰፋሁት ካልተናገርኩ ግን ግማሹን ማስቀረት ይሆንብኛል።

ሽሮ ሜዳ ከመግባቴ በፊት ሊባኖስ ነበርኩ፤ ሳይዳ በምትባለው፣ መጽሐፍ ቅዱስ ሲዶና በሚላት የባሕር ዳር ከተማ፣ የቤት ሠራተኛ ሆኜ። ሐምሌ 5 ቀን 1998 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ። አሠሪዎቼ «ቤቱን ጠብቂ» ብለውኝ፣ ፓስፖርቴንም እንደያዙ፣ ዘመዶቻቸው ወዳሉበት ወደ ተራራው አገር ሄዱ። ድልድዮች ተመትተው መንገዱ ተቆራርጧል፤ መብራት የለም፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ የነበረውም ጥቂት ምግብ በአራተኛው ቀን አለቀ። በአምስተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩት እናት ነበሩ። ባል የሞተባቸው ሙስሊም አሮጊት ናቸው፤ እኔ «ተይታ» እላቸው ነበር፣ በእነርሱ አገር አያት ማለት ነው። ከደቡብ ሸሽተው የመጡ ዘመዶቻቸውን ጨምሮ ቤታቸው ውስጥ ዐሥራ አንድ ሰው ነበር። እኔ ዐሥራ ሁለተኛ ሆንኩ።

ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ገባ። ሥጋውንም ወተቱንም እንደማልበላ በተሰባበረ ዐረብኛዬ ነገርኳቸው። «ለመርየም ነው?» አሉኝ። «ለመርየም ነው» አልኩ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ጦርነቱ ነሐሴ 8 ቀን እስኪቆም ድረስ በዚያ ቤት የተሠራው መጀደራ ብቻ ነው፤ ምስርና ሩዝ አብሮ የሚበስልበት፣ ከላዩ በዘይት የጠቆረ ሽንኩርት የሚነሰነስበት ምግብ። ለእኔ ለብቻ መሥራት አይቻልም ነበርና ዐሥራ አንዱም እኔ የምበላውን በሉ። የዚያ ሽንኩርት ሽታ እስከ ዛሬ አልጠፋኝም።

ተይታ የተወለዱት ከሳይዳ በስተ ደቡብ በባሕሩ ዳር ባለችው በሰረፈንድ ነው። ያቺ ከተማ በመጽሐፈ ነገሥት ሰራፕታ የምትባለው መሆኗን ያኔ አላውቅም ነበር። ነቢዩ ኤልያስን በረሃብ ዘመን ያበላችው መበለት አገር ናት፤ በማድጋዋ እፍኝ ዱቄት፣ በማሰሮዋም ጥቂት ዘይት ብቻ የቀራት ሴት። ጌታ በናዝሬት ምኩራብ ይህችን ሴት አንሥቶ፣ በእስራኤል ብዙ መበለቶች ሳሉ ኤልያስ የተላከው ወደ እርሷ እንደ ነበር ሲናገር፣ ሰዎቹ ከተራራው አፋፍ ሊጥሉት ወሰዱት። በዚያ ዘመን የሲዶናን ሴት ማመስገን ያስቆጣ ነበር። እኔ ደግሞ የሲዶናን አገር እንጀራ በልቼ ሳላመሰግን ቀረሁ።

በ2000 ዓ.ም. ወደ አገሬ ስመለስ ተይታን አቅፌ ተሰናበትኩ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳ አልደወልኩም። ሥራ ጀመርኩ፣ አገባሁ፣ ልጆች ወለድኩ። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሄደ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ደቡብ ሊባኖስ እንደ ገና ሲደበደብ በቴሌቪዥን አየሁ። ሻንጣ የጫኑ መኪናዎች በዚያ በማውቀው የባሕር ዳር መንገድ ላይ ተሰልፈው ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አሁንም ሳይዳ የምትሠራ አንዲት እኅታችን ስልካቸውን አፈላልጋ አገኘችልኝ። ያነሣችው የልጅ ልጃቸው ናት። ስሜን ስትነግራቸው ከሩቅ ድምፃቸውን ሰማሁ፦ «ያቺ ሥጋ የማትበላዋ ልጅ?»

እንግዲህ ጥልፉን ያሳሰበኝ ይህ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ላይ ዐሥር ለምጻሞች ተፈውሰው አንዱ ብቻ ሲመለስ ጌታ የጠየቀው ጥያቄ ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣም፦ «ዐሥሩ አልነጹምን? ዘጠኙስ ወዴት አሉ?» እኔ ከዘጠኙ አንዷ ነበርኩ።

ዘነበወርቅን የመረጥኩት በድንገት አይደለም። እዚያ ያለው አለርት ሆስፒታል የተቋቋመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት በቦታው የነበረው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ይጠራ ነበርና ሰፈሩ ስሙን ከዚያ ወሰደ። ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና መጥተው፣ ከዳኑ በኋላም ወደ ቀያቸው መመለስ ያልቻሉ ሰዎች ዙሪያውን ሰፈሩበት። የእናቶቹ ክፍል በር ላይ ምልክት የለም፤ የሰፈሩን ሰው «ጥልፍ የሚሰፉት እናቶች የት ናቸው» ብላችሁ ብትጠይቁ ያደርሳችኋል። ውስጡ ሁለት ረጃጅም አግዳሚ፣ አንድ ሰፊ መስኮት፣ በየቀለሙ ተለይቶ በብስኩት ቆርቆሮ የተቀመጠ ክር ነው። ስገባ አምስት እናቶች እየሠሩ ነበር።

የእኔን ሥራ የተቀበሉት ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ናቸው፤ እማማ እላቸዋለሁ። የቀኝ እጃቸው አመልካችና መካከለኛ ጣቶች ከመገጣጠሚያው በላይ የሉም። መርፌውን በአውራ ጣታቸውና በቀረው የጣት ሥር መካከል ይይዙታል። እጃቸው ስለማይሰማው ሥራው ሁሉ በዓይን ነው፤ መርፌዋ ወዴት እንደ ገባች በእያንዳንዱ ስፌት ዝቅ ብለው ያያሉ። «መወጋቴን የማውቀው ጨርቁ ላይ ደም ሳይ ነው» አሉኝ፤ ነጭ ጨርቅ የሚወዱትም ለዚሁ ነው። ማታ ማታ እጃቸውን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ቫዝሊን ቀብተው፣ ያላዩት ቁስል እንዳለ በመብራት እየዞሩ ይፈትሻሉ። በሽታው ከለቀቃቸው ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗል። ሥጋ ደዌ በባክቴሪያ የሚመጣ ሕመም ነው፤ ሐንሰን የሚባል የኖርዌይ ሐኪም ባክቴሪያውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። ዛሬ ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት በሚወሰድ፣ በነጻ በሚሰጥ ኪኒን ይድናል። ሕክምናው ሲዘገይ ግን የሞተው ነርቭ አይመለስም፤ ሰው ደግሞ የሚያየው መዳኑን ትቶ ጣቱን ነው።

በወረቀት የነደፍኩትን ሥዕል ይዤ ሄጄ ነበር፦ ዘጠኝ ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ሲሄዱ፣ አንዱ በግንባሩ ተደፍቶ። በተደፋው ሰው ክንድ ላይ ነጠብጣብ አድርጌበታለሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ እማማ።

«ለምጹ ነው፣ እማማ።»

«ድኗል አላልሽም?»

«ድኗል።»

«እንግዲያው የዳነ ሰው ላይ ቁስል አልሰፋም።»

ወረቀቱን ተቀብለው ነጠብጣቡን በላጲስ አጠፉት። ቀጥለው ወደ ዘጠኙ ጠቆሙ። «እነዚህስ?» ሳያመሰግኑ የሄዱት መሆናቸውን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጆቻቸውን ሊያዩ ሮጠው ይሆናል እንጂ። እኔም ድነሻል ያሉኝ ዕለት ዶክተሩን ሳልሰናበት ነው መኪና የተሳፈርኩት። አገሬን ብቻ ነበር የማስበው።»

«ከዚያስ?»

«ሦስት ሳምንት ተቀመጥኩ። በአራተኛው የምጠጣበትን ጣሳ ለዩብኝ። ተመለስኩ። ዶክተሩን ያኔ ነው ያመሰገንኩት።»

ከዚያን ቀን ወዲህ በዘጠኙ ላይ የሚሰነዘረውን የስብከት ወቀሳ እንደ ቀድሞው መስማት አልቻልኩም። ጌታ «ሂዱ፥ ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ» ብሏቸዋል፤ እነርሱም ሄደዋል። በሕጉ የዳነ ሰው በካህን ታይቶ፣ ሁለት ወፎች፣ የዝግባ እንጨት፣ ቀይ ግምጃና ሂሶጵ ቀርበው፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሰው የሚቀላቀለው። ቤት አለ፤ ልጅ አለ። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ «ወዴት አሉ?» ተብሎ ተጠየቀ። ይህን ጥያቄ ስሰማ ቁጣ ብቻ አይሰማኝም፤ ዐሥሩንም አንድ በአንድ የቆጠረ ሰው የቀሩበትን ሲፈልግ እሰማለሁ።

የተመለሰው ግን ማን ነው? «እርሱም ሳምራዊ ነበረ» ይላል። አይሁድና ሳምራውያን በጤና ጊዜ አይተባበሩም፤ እነዚህ ዐሥሩ ግን በሕመም አንድ ሆነው ከመንደሩ ርቀው አብረው ቆመዋል። የተይታ ቤት ዐሥራ ሁለታችንም እንደዚያ ነበርን፤ ቦምቡ ባይኖር ኖሮ እኔ ከዚያ ማዕድ ላይ አልቀመጥም ነበር። ከዳኑ በኋላ ዘጠኙ የሚሄዱበት ቤተ መቅደስ አላቸው። የሳምራውያን ቤተ መቅደስ በገሪዛን ተራራ ላይ ነበር፤ እርሱንም የአይሁድ ገዥና ሊቀ ካህናት የነበረው ዮሐንስ ሂርቃኖስ ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ አፍርሶታል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችን ጌታ ይህን ሰው «ልዩ ወገን» ይለዋል። ወገን ማለት የራስ ሰው ነው፤ ልዩ ወገን ሲባል ወገን ያልሆነ፣ ከሌላ የተወለደ። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችን እንዳስረዳን፣ በግሪኩ እዚህ የገባው ቃል በሐዲስ ኪዳን ውስጥ ሌላ ቦታ አይገኝም። በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ አጥር ላይ ግን ተቀርጾ ነበር፦ ልዩ ወገን ከዚህ አጥር እንዳያልፍ፣ አልፎ ቢገኝ ለሞቱ ተጠያቂው ራሱ እንደሆነ። ድንጋዩ እ.ኤ.አ. በ1871 ተገኝቶ ዛሬ ኢስታንቡል ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። በድንጋይ ላይ ለማገድ የተጻፈውን ቃል ጌታ ለማመስገን ተጠቀመበት። ያ ሰው ከአጥሩ ውጭ የነበረ ስለሆነ ፈውሱን እንደሚገባው ነገር ሊቆጥረው አልቻለም ብዬ አምናለሁ፤ እኔ ከተይታ በር ላይ ስቆም የተሰማኝ ይኸው ነበርና።

ወደ ጥልፉ ልመለስ። ርዝመቱ 70፣ ወርዱ 50 ሳንቲሜትር ነው። ጨርቁ በእጅ የተሸመነ ጠንካራ ጥጥ ነው፤ ለጥልፍ ተብሎ በየሱቁ ከሚሸጠው ስስ ጨርቅ ጋር አይወዳደርም፣ ክሩ ሲጠብቅበት አይጨማደድም። የሰውዬው ልብስ እንደ ሰንሰለት በሚያያዝ ስፌት ተሞልቷል፤ እጥፋቱ የሚታየው በሦስት ዓይነት ሰማያዊ ነው። ዳር ዳሩን በቀይ ፈትል እንዲያደርጉልኝ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ የኦሪቱን ቀይ ግምጃ አስቤ፣ በኢያሪኮም በመስኮቷ ላይ ቀይ ፈትል ያሰረችውን ረዓብን አስቤ፤ እርሷም ልዩ ወገን ነበረች። ዘጠኙን እማማ እንደ ሥዕሌ አላደረጓቸውም። በላይኛው ጥግ ትንንሽ አድርገው፣ ጭስ ከሚወጣበት ጎጆ በር ላይ ሲደርሱ ሰፍተዋቸዋል። ጌታን ደግሞ ከእግሩ በላይ አልሰፉትም፤ ጫማና የቀሚስ ጫፍ ብቻ ነው የሚታየው። የተደፋውን ሰው እጆች በቅርብ እዩ። መሬት ላይ ተዘርግተዋል፤ እያንዳንዱ ጣት ለየብቻው፣ በየመገጣጠሚያው ቀለሙ እየጠቆረ፣ ጥፍሩ ሳይቀር በነጭ ክር ተሰፍቷል። ቆጠርኳቸው፤ ዐሥር ናቸው። ከሙሉው ሥራ ረጅሙን ጊዜ የወሰደው ይህ መሆኑን ሌሎቹ እናቶች ነገሩኝ።

ከሥሩ «ዘጠኙስ ወዴት አሉ?» ተብሎ እንዲጻፍ ፈልጌ ነበር። እማማ አልተስማሙም። «ለሰው ስጦታ ስትልኪ ጥያቄ አትላኪ፣ ልጄ። ምስጋና ነው የሚላከው።» ስለዚህ የተይታው ላይ «አመሰግናለሁ» የሚል አንድ ቃል ብቻ አለ፤ ጥያቄውን ለብቻው በትንሽ ጨርቅ አሰፍቼ የልብስ መስፊያዬ ፊት ለፊት ሰቅዬዋለሁ።

እንከኑን አልደብቅም። የሥራው ቀን አምስት ሳምንት ተብሎ ሰባት ሆነ፤ ለፋሲካ ትእዛዝ በዝቶባቸው ነበር፣ አስቀድሞ የነገረኝ ግን የለም። ስልካቸውም ብዙ ጊዜ አይነሣምና ቀድሞ በአካል መሄድ ይሻላል። በትንሹ ጨርቅ ላይ የ«ኙ» ቆብ ቀርቶ «ዘጠኑስ» ተብሎ ተሰፍቶ አገኘሁት። እማማ ፊደል አይለዩም፤ መስመሩን እንደ ሐረግ ተከትለው ነው የሰፉት። ሳሳያቸው ምንም ሳይሉ መቀስ አነሡ፤ እዚያው ቁጭ ብዬ ፈትተው መልሰው ሰፉት፣ ተጨማሪም አልጠየቁኝም። ጽሑፍ የምታዝዙ ሰዎች በትልቁና በግልጽ ጽፋችሁ ስጡ፤ ስትረከቡም ፊደል በፊደል አንብቡ። ቀዩ ክር በመጀመሪያው እጥበት ትንሽ ይለቃል። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጨው ጨምራችሁ ለብቻው እጠቡት፤ አትጭመቁት፤ በጀርባው ተኩሱት።

ትልቁን በ4,500 ብር፣ ትንሹን በ1,200 ብር አሰፋሁ። ይህን ያህል የእጅ ሥራ እኔ ሰፈር በዚህ ዋጋ አይታሰብም። በቴሌብርም በጥሬ ገንዘብም ይቀበላሉ። ስከፍል 500 ብር ጨምሬ ነበር፤ እማማ ቆጥረው መለሱልኝ። «ዋጋው ተነግሮሻል» አሉ። ሶርያዊው ንዕማን ከለምጹ ነጽቶ ሊያመሰግን ሲመለስ ኤልሳዕ ስጦታውን እንዴት እንደ መለሰበት ትዝ አለኝና እጄን ሰበሰብኩ። እዚያው ሳለሁ አንዲት ደንበኛ የትራስ ልብስ ከፍላ፣ «ለነፍሴ ነው» ብላ ዕቃውን ጥላ ወጣች። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ሦስት ሳምንት የተሰፋን ጥልፍ ከፍሎ ጥሎ መሄድ ሠሪዋን ለማኝ ማድረግ ነው። የምትገዙትን ግዙ፣ ገልብጡ፣ ስሕተት ካለው ተናገሩ፣ ቤታችሁ ወስዳችሁ ስቀሉት። ሌላም ነገር አለ፤ እኔ «ለምጹ ነው» ብዬ እንደ ተናገርኩት አትናገሩ። በኦሪት ለምጽ የተባለው ልብስንና የቤት ግድግዳን ሳይቀር የሚይዝ ነው፤ የእነርሱ ሕመም ሥጋ ደዌ ይባላል፣ እርሱም ድኗል።

ጥልፉን ወደ ቤይሩት የምትመለስ አንዲት እኅት ይዛልኝ ሄደች። ከዐሥራ ሁለት ቀን በኋላ የልጅ ልጃቸው በምስል ደወለችልኝ። ተይታ አልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ በጣም ቀጥነዋል። ጥልፉን ጭናቸው ላይ ዘርግተው በጣታቸው እየዳሰሱት ነበር። ሲያበቁ ገለበጡትና ጀርባውን አዩ፤ ለካ እርሳቸውም ጥልፍ ያውቁ ኖሯል። እንደ ገና ፊቱን መልሰው በተደፋው ሰው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይሄ መሬት ላይ ያለው ምን ሆኖ ነው?»

ዐረብኛዬ ጠፍቶብኛል፤ ያገኘሁትን ቃል ተናገርኩ። «ድኖ ነው፣ ተይታ።»

«ድኖ ከሆነማ» አሉ፣ «ይነሣ እንጂ፣ ይነሣ።»